ልጄ ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ) አለባት ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?

እናት_ከአባዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የሌላውን ሳነብ ብቻ ነበር፣ ዛሬ ጨነቀኝና ጻፍኩ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ሴት ልጄ 3 ዓመት ከ6 ወር ሆኗታል። ራሷን ችላ አትቀመጥም። እግሮቿ ይገታተራሉ። አትናገርም፣ ግን ሁሉንም ትሰማለች፤ አባቷ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ለይታ ትስቃለች።

ባለፈው ወር አንድ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ካርዱ ላይ እየጻፈ «ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ፊዚዮቴራፒ አሠሪያት» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የት ነው የማሠራት? በሳምንት ስንቴ? ልጠይቅ ስል ቀጣዩ ታካሚ ገባ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራ ከለቀቅኩ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በወር አንዴ ቤት ቢገባ ነው። አማቴ ጠበል እንውሰዳት ትላለች። ወገቤ አልቋል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ፊዚዮቴራፒ የት አለ? ወንበር ወይም ሌላ እርዳታ የሚሰጥ አለ ወይ? ለግማሽ ቀን እንኳ የሚይዝልኝ ቦታ ይኖር ይሆን?

ጋሽ_ታዛቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። የ22 ዓመት ልጅ አባት ነኝ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። አንቺ ዛሬ የቆምሽበት ቦታ እኔ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ቆሜ ነበር። ያኔ ደግሞ ስሙን እንኳ የሚነግርሽ አልነበረም።

አገልግሎት ጨርሶ የለም የሚሉሽን አትስሚ። አለ፣ ግን እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፎ የሚሰጥሽ መሥሪያ ቤት አታገኚም። እኔ እስከ ዛሬ ያገኘሁትን ያገኘሁት ወረፋ ላይ አጠገቤ ከተቀመጡ እናቶች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው፦ ወረፋ ላይ ስልክሽን እየነካካሽ አትቀመጪ። ጎንሽ ያለችውን አውሪያት።

ሁለተኛ፣ ያን ካርድ ይዘሽ ተመለሽና የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ አስወጪ። ማኅተም ያለው። በሄድሽበት ሁሉ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። አምስት ስድስት ኮፒ አድርገሽ በፌስታል ያዢ።

ፊዚዮ_ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ልጅሽን ሳላያት እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ አሠሪያት አልልሽም። ግን ሲፒ ያለባቸውን ልጆች ሁሉ የሚመለከት ትንሽ ነገር ልበል።

ሲፒ ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ሰዓት ወይም በጨቅላነት አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል። ምጥ በዝቶበት የታፈነ ልጅ፣ ያለጊዜው የተወለደ፣ ከባድ ቢጫ የያዘው፣ ማጅራት ገትር የታመመ... ብዙ መንገድ አለው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ይህን የምለው ሁሉም እናት ሳትጠይቀኝ ስለምታስበው ነው። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት እየባሰ አይሄድም። የሚብሰው ካልተሠራበት ጡንቻውና መገጣጠሚያው ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ያለሽ እውነቱን ነው። ምንም አይደረግላትም ማለት ግን አይደለም።

ፊዚዮቴራፒ እኔ ጋ በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ የምትመጪበት ብቻ አይምሰልሽ። ትልቁ ሥራ ቤት ነው ያለው። እንዴት እንደምትይዣት፣ እንደምታለብሻት፣ እንደምትመግቢያት። አስተኝተሽ አታጉርሻት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ይጠጋ። ተኝተው የሚበሉ ልጆች ምግቡ ወደ ሳንባቸው ይሄዳል፤ በዓመት ሦስት አራቴ ሳንባ ምች ያዛቸው ከሚባሉት ብዙዎቹ ጣጣቸው ይኸው ነው።

እግሮቿ እንደ መቀስ የሚቆላለፉ ከሆነ ደግሞ እዘያት። አዎ፣ በአንቀልባ! እግሯ ጀርባሽ ላይ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ሲውል ዳሌዋን ይጠቅማል። ፈረንጅ በውድ እየገዛ የሚሸከምበትን ነገር እኛ ከአያቶቻችን ነው ያገኘነው። ግን ወገብሽን አሞሻልና ረጅም ሰዓት አይሁን።

ስትሄጂ የዳሌ ራጅ ጠይቂ። የማይራመድ ልጅ ዳሌ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ እያለ ከቦታው ይወጣል። ዳይፐር ስትቀይሪ የምትጮህ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ። ዓይኗና ጆሮዋም ይታይ። እባክሽ ደግሞ ወጌሻ አታስነኪያት። የተገተረ ጡንቻ በጉልበት ሲሳብ ስብራት ይዘው የመጡ ልጆች አይቻለሁ።

የመንታ_እናት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አይዞሽ የኔ እናት። እኔ መንታ አሉኝ፣ አንዱ ኦቲዝም አለበት። ስለዚህ የኔ መንገድ ካንቺ ትንሽ ይለያል።

ሰው «ልዩ ፍላጎት» ሲባል አንድ ላይ ይደባልቀዋል። ጆይ እና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከላት ናቸው። ጆይን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመችው ዘሚ የኑስ ነበረች፤ ለልጇ የሚሆን ቦታ አጥታ ራሷ ከፈተችው። በ2021 አረፈች። ያኔ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቀው ሰው ስንት ነበር? ነህምያም ቢሆን ወላጆች ተሰባስበው የመሠረቱት ነው። ዲቦራ ፋውንዴሽን ደግሞ ዳውን ሲንድረም ላይ ይሠራል።

ላንቺ የሚቀርበው ቼሻየር ነው። መናገሻ ላይ የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ማገገሚያ አላቸው፤ ድርጅቱ እዚህ አገር ሥራ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጡንቻና ጅማት ተኮማትሮ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት ደረጃ ከደረሰ ደግሞ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ። የሚሠራው የልጆች አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ተራው ግን ረጅም ነው። «ተራ ያዢና ጠብቂ» ሲሉሽ ተስፋ ቆርጠሽ አትመለሺ። ስምሽን አስመዝግቢ፣ በየወሩ ደውዪ። እኔ ልጄን ያስገባሁት በመደወል ብዛት ነው። ድምፄን ሲሰሙ «አንቺ ነሽ ደግሞ?» እስኪሉኝ።

ቦሌ_ቦሌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እዚህ አገር ምንም የለም። አቅም ካላችሁ ውጭ አውጧት። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው።

ጋሽ_ታዛቢ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ወንድሜ፣ ሴትዮዋ 4ኛ ፎቅ ልጅ ተሸክማ የምትወጣ ናት። «ውጭ አውጧት» ብሎ ምክር ምንድን ነው? ቪዛውን አንተ ትሰጣታለህ?

ቦሌ_ቦሌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡22

ይቅርታ ጋሼ። ለክፋት አይደለም። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ሆና ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ነው ያደገችው፤ ተናድጄ ነው የጻፍኩት።

እናት_ከአባዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የአማቴን ጉዳይ ልጠይቅ። የምትለው ሽንቁሩ ሚካኤል 14 ቀን እናስጠምቃት ነው። እምቢ ካልኩ «የልጄን ልጅ ጨከነችባት» ይመጣል። እሺ ካልኩ ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለባት፣ ጠዋትና ማታ። ምን ይሻለኛል?

የእንጦጦ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ጠበል አካባቢ ያደግኩ ነኝ፤ እምነቱም አለኝ። እማማን አትቃወሚያቸው። «እንሂድ፣ ግን መድኃኒቷን ይዘን ነው የምንሄደው፣ ሰዓቷ ሲደርስ ትወስዳለች» በያቸው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። መድኃኒት ከጠበል ጋር አይጣላም የሚሉ አባቶች ሞልተዋል፤ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙት እማማም ይቀላቸዋል። ሳንባዋ የሚታመም ከሆነ በሌሊት ብርድ በቀዝቃዛ ውኃ አታስነኪያት። መጠጣትም መቀባትም ይቻላል።

ፊዚዮ_ነኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

እንጦጦ እጅህ ይባረክ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጅ በላይ በላዩ ይጥለዋል፤ እስከ ሞት ያደርሳል። ይህቺን ብቻ ለአማትሽ አስረጂልኝ። ሌላው እንደ እምነታችሁ።

ወረዳ_ውስጥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ወረዳ ላይ ማህበራዊ ጉዳይ ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ አለቃዬም እዚህ ገጽ አይጠፋም።

እህቴ፣ ወረዳሽ ሄደሽ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በይ። ልጅሽን በአካል ጉዳተኞች መዝገብ አስመዝግቢ። ምን ይጠቅመኛል አትበይ። ዊልቸር በእርዳታ ሲመጣ የምንደውለው መዝገቡ ላይ ላሉት ነው። ለድርጅቶች የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፈውም ከዚያው ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ወረዳ ደብዳቤ አይቀበሉም።

ሌላው ጤና መድን ነው። ቋሚ የመንግሥት ወይም የድርጅት ደሞዝ የሌለው ቤተሰብ በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይገባል፣ መዋጮው በዓመት አንዴ ነው። መክፈል ለማይችል ድሃ ቤተሰብ መንግሥት ይሸፍናል። አሠራሩ ግን ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀምረው። ጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጽፍልሽ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ይህን ሳያውቅ ስንቱ ገንዘቡን ጨረሰ መሰለሽ።

ሴፍቲኔትም አለ። በከተማው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ወርሃዊ ገንዘብ አለ። እንዳላታልልሽ፣ መስፈርቱ ድህነት ነው፤ አካል ጉዳት ብቻውን አያስገባም። ባልሽ ሥራ ስላለው ላታገኚው ትችያለሽ። መጠየቅ ግን አያስከፍልም።

እናት_ከአባዶ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡15

ዛሬ ሄድኩ። «መታወቂያዋን አምጪ» አሉኝ። የ3 ዓመት ልጅ ምን መታወቂያ አላት? ልደት ካርዷን ሳሳይ «ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ሰኞ ተመለሺ»። ልጄን ተሸክሜ በሁለት ታክሲ ነው የሄድኩት። ረዳቱ ደግሞ እግሯ ስለማይታጠፍ የሁለት ሰው ክፈይ ብሎኛል። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሒሳቤን ከፈሉልኝ። ያም አስለቀሰኝ።

ወረዳ_ውስጥ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡30

አፈርኩ። እውነት አፈርኩ። ሰኞ ልጅቷን ይዘሽ አትሂጂ፣ አያስፈልግም። የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ ያንቺን መታወቂያ፣ የሐኪም ማስረጃውንና 2 ጉርድ ፎቶ ያዢ። ማመልከቻሽን ጽፈሽ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ ቁጥር ያዢ። ቁጥር ያለው ማመልከቻ «ስብሰባ ነው» አይባልም። ወይም ይባላል፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ለማለት ያሳፍራል።

ዘኒ_ደሴ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እናንተ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው። እኛስ? የወንድሜን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፣ 6 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ከደሴ 40 ኪሎ ሜትር ርቀን ነው። ራሱ ትልቅ ሆኖ ነው የተወለደው፤ ቱቦ ገብቶለታል። አይራመድም።

ፊዚዮ_ነኝ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ዘኒ ትክክል ነሽ፤ ቅሬታሽ የሁላችንም ነው። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፣ ባሕር ዳርም እንደዚሁ። የእግር መደገፊያ ብረት፣ ልዩ ጫማ፣ ክራንች የሚሠራው እዚያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማህበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባል ሥራ አለው፤ ባለሙያው ልጁን ሆስፒታል አምጡ ከማለት ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ለገጠር እንደሱ የሚሆን የለም።

ያንቺ ልጅ ያለበት ሃይድሮሴፋለስ ነው የሚባለው፤ ራስ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ነው፣ ቱቦው ውኃውን ያወጣለታል። አዲስ አበባ ዘውዲቱ ሆስፒታል የነዚህን ልጆች ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ ሆፕ ኤስቢኤች የሚባል የወላጆች ማህበርም አለ። ቱቦ ያለው ልጅ ድንገት ካስመለሰው፣ ራሱን ካመመውና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አትጠብቂ፤ ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል። በዚያኑ ቀን ሆስፒታል።

እግረ መንገዴን የቀበሌሽን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አውሪያት። እንደነዚህ ያሉ ልጆች የት የት ቤት እንዳሉ እሷ ታውቃለች። አንቺ ያልሰማሻቸው ሦስት አራት ቤተሰቦች እዚያው አካባቢሽ ቢኖሩ አይገርመኝም።

አሌክስ_ቨርጂኒያ | እሑድ፣ ከሌሊቱ 9፡00

ከዚህ ማዶ፣ አሜሪካ ሆኜ ሳነብ ነበር። እዚህ ያላችሁ ሐበሾች ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኛ በይሉኝታ ያጠፋነውን ጊዜ እንዳታጠፉ። ወንድ ልጃችን 2 ዓመት ሆኖት አልናገር ሲል «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያልን ሁለት ዓመት ተኛን። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን የሚባል አገልግሎት አለ፣ ባለሙያው ቤት ይመጣል። ከ3 ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው፤ በጽሑፍ «ልጄ ይገምገምልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። የትምህርት ዕቅዱ፣ አይኢፒ የሚሉት፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ነው። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ! እኛ የ11 ዓመት ልጃችንን አስተርጓሚ አድርገን ስለ ወንድሟ የተባለውን ግማሹን ደበቀችን። እንዳናዝን ብላ።

የሜዲኬይድ ዌቨር (መንግሥት የልጁን የቤት እንክብካቤ የሚከፍልበት ፕሮግራም) ወረፋው ዓመታት ይወስዳል። የሚያስፈልጋችሁ ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ ተመዝገቡ። በቃ ይኸው ነው።

እህቷ_ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

አሌክስ የጻፉት ነክቶኝ ነው። 19 ዓመቴ ነው። ታናሽ እህቴ ሲፒ አለባት፣ 12 ዓመቷ ነው። እናታችን ጉልት ትውላለች። ስለዚህ ከ7 ዓመቴ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ስለ ልጁ ሁሉም ይጠይቃል፣ «እህትሽ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «አንቺስ?» ያለኝ ሰው እስከ 17 ዓመቴ አልነበረም። ያኔ የጠየቀችኝ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና የሚባል ነገር እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት።

እናት ከአባዶ፣ ልጅሽ ላይ ብቻ አታተኩሪ ልልሽ ፈልጌ ነው። አንቺ ከወደቅሽ እሷን 4ኛ ፎቅ የሚያወጣት የለም። እኔ ባለፈው ዓመት ወገቤ ተይዞ 9 ቀን ተኛሁ። 9 ቀን እህቴ ፀሐይ አላየችም።

ፊዚዮ_ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

እህቷ፣ ሥልጠናውን ስላነሳሽው ጥሩ። ከ2 እስከ 9 ዓመት የእድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ነው። 9 የቡድን ስብሰባ እና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ከልጅ ጋር በጨዋታ እንዴት መግባባት እንደሚቻል፣ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ ያሳያል። ስለ ራስሽ ስለ ተንከባካቢዋም አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ስትሄጂ በስሙ ጠይቂ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የካቲት 12 ሆስፒታልም ክፍሉ አላቸው።

ስታነሻት ደግሞ ወገብሽን አጉብጠሽ አይሁን። ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ፣ በጭንሽ ጉልበት ተነሺ። ሁለታችሁም።

የመንታ_እናት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ስለ ትምህርት ማንም አላነሳም። 3 ዓመት ተኩል ናት ብለሽ አትዘናጊ፣ ነገ ደርሶ ኦ-ክፍል ነው። ብዙ ትምህርት ቤት «እኛ ጋ ባለሙያ የለም» ብሎ ይመልስሻል። ልጄን አራት ቦታ መልሰውብኛል፤ ሁሉም በጣም ትሁት ነበሩ! አስተዳዳሪውን በቃል አትከራከሪው። «አልቀበልም ያላችሁበትን ምክንያት በደብዳቤ ስጡኝ» በይ። ደብዳቤ የሚሰጥ የለም፤ ቃሉ ሲነሳ ድንገት ቦታ ይገኛል። መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ምገባም አለ፣ ግን ማን እንደሚያጎርሳት ቀድመሽ ተነጋገሪ። ልዩ ክፍል ከፈለግሽ ኮከበ ጽባህ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው አለው። የምትሰማ የምትረዳ ልጅ ከሆነች ግን እኔ ብሆን መደበኛው ክፍል እንድትገባ እታገል ነበር።

ጋሽ_ታዛቢ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

በዚህ ላይ አልስማማም ልጄ። እኔ ልጄን መደበኛ ክፍል አስገብቼ ለሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ላይ ሲተኛ ነበር የሚውለው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ምን ያድርግ? ልዩ ክፍል ሲገባ ነው ጫማውን ማሰር የተማረ። ሕጉማ አለ። መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ 676/2002 አጽድቋል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ ድጋፍ ያደርጋል ይላል፤ አቅም በፈቀደ መጠን የምትል ነገር ጣል አድርጎበት። አቅም ደግሞ ሲፈቅድ አይቼ አላውቅም።

የመንታ_እናት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡55

ጋሼ የርስዎ ልጅና የእሷ ልጅ አንድ አይደሉም እኮ። የእሷ ችግር መቀመጥ ነው፤ ማሰብ ላይ ችግር እንዳለባት ገና አልታወቀም። ወንበር ቢኖራት ከፊት ትቀመጣለች።

ጋሽ_ታዛቢ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡10

እሱ እውነት ነው። ወንበሩ ይቅደም እንግዲህ።

እህቷ_ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ወንበር ካነሳችሁ፦ የእርዳታ ዊልቸር ሲመጣ የአዋቂ ከሆነ አትቀበዪ። የኛ ሰፈር ሰዎች አዋጥተው የገዙልን የትልቅ ሰው ነበር። እህቴ ውስጡ እንደ ጆንያ ተጣጥፋ ጀርባዋ ጠመመ። አዲስ ጉዞ የሚባል ድርጅት አለ፣ ልክ ለክቶ የሚያስተካክልና የሚጠግን። እስከዚያ ድረስ ግን ለቤት የጥግ ወንበር አናጢ ያሠራልሻል። ሁለት ጣውላ ልክ እንደ ግድግዳ ጥግ ይገጣጠማል፣ እግሮቿ መሐል ተከፍለው እንዲቀመጡ ፊት ለፊት ትንሽ እንጨት፣ ወገቧ ላይ ቀበቶ። ልኩን ግን ባለሙያ ይስጥሽ።

እናት_ከአባዶ | ከ10 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00

ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም ልንገራችሁ።

ወረዳ በሦስተኛው ሄጄ ተመዘገበች። ቁጥር አለኝ። (ወረዳ_ውስጥ፣ እውነትህን ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስብሰባ ማለት አፈሩ።) ጤና መድኑ ተሳካ። በሪፈር ፊዚዮቴራፒ ጀምረናል፣ በ15 ቀን አንዴ። የዳሌ ራጅ ስጠይቅ ባለሙያዋ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። የግራው ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ገና ነው፣ በ6 ወር ድጋሚ ይታያል ተብያለሁ። ባልጠይቅ ኖሮ አይታወቅም ነበር።

ጠበል ለ3 ቀን ሄድን። መድኃኒቷ በቦርሳዬ ነበር። አማቴ ራሷ ሰዓት እያየች «ደርሷል» ትለኝ ጀመር። ማን ያምናል?

ሴፍቲኔቱ አልሆነም። ግማሽ ቀን የሚይዝ ቦታም እስካሁን አላገኘሁም፤ ተራ ይዣለሁ፣ በየወሩ እደውላለሁ። ግን ፊዚዮ ወረፋ ላይ አንዲት እናት አገኘሁ፣ ጋሽ ታዛቢ እንዳሉት አወራኋት። የምትኖረው እዚያው አባዶ ነው፣ እኛ ብሎክ ፊት ለፊት! ልጇ 5 ዓመቱ ነው። አሁን ማክሰኞ የኔን ልጅ እሷ ትይዝልኛለች፣ ሐሙስ እኔ የእሷን። ማክሰኞ ማክሰኞ የአንድ ሱቅ ሒሳብ መሥራት ጀምሬያለሁ። ሦስተኛ እናትም ተገኝታለች፣ እሷ ፎቅ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ ቅዳሜ እሷ ጋ ነው ቡናው።

የጥግ ወንበሩን ባለሙያዋ ልኩን ሰጥታኝ አናጢ በ4 ሺህ 500 ብር ሠራልኝ። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ከኛ ጋር ማዕድ ቀረበች። ፊት ለፊታችን ተቀምጣ። ሽሮውን በእጇ ነካችው፣ ፊቷን ቀባችው፣ አባቷ ሳቀ፣ እኔ ሳቅሁ፣ ወንበሩም ሽሮ ሆነ።

ጋሽ_ታዛቢ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡25

ተባረኪ ልጄ። ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት።

ዘኒ_ደሴ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40

እኔም ደሴ ሄጄ ነበር፣ የእግር ብረቱን ለክተውለታል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሁለት ቤት አሳየችኝ፣ ፊዚዮ እንዳልከው። እናት ከአባዶ፣ የወንበሩን ፎቶ ከጎንና ከፊት አንሺና ላኪልኝ። እዚህ ያለው አናጢ አልጋ እንጂ ሌላ ሠርቶ አያውቅም። ቀበቶውን ደግሞ ከምን ነው የሠራሽው?

እናት_ከአባዶ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05

ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ። መቆለፊያው እሱው ላይ አለ፣ እንዳትገዢ። ፎቶውን ማታ አነሳልሻለሁ፣ አሁን ውስጡ ተኝታለች።